ከጅማ እስከ እምድብር በሞተር፦ ወገብ፣ የእጅ መደንዘዝና እንቅልፍ

ጠያቂ፦ የኪቶው

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ጅማ ነው፤ ቤተሰቦቼ ያሉት እምድብር። ለመስቀል በሞተር ልገባ አስቤያለሁ። ሞተሯ 150 ሲሲ ናት። እስከ ወልቂጤ ብቻ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያም በኋላ መንገድ አለ።

አምና ስሄድ ገና አሰንዳቦን ሳልፍ ወገቤን ያዘኝ። ሰኮሩ ስደርስ የቀኝ እጄ ጣቶች ደንዝዘው ነበር። የባሰው ግን ምሳ በልቼ ወደ ጊቤ ስወርድ ነው። ዓይኔ እየተከደነ አስቸገረኝ። ጓደኞቼ «ትንሽ ቅመህ ውጣ፣ እንቅልፍ የሚባል አታይም» ይሉኛል። ዘንድሮ ባለቤቴም ከኋላ አለች፤ ስለዚህ ነገሩ አሳስቦኛል። ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ።

የሄርማታው

ወንድሜ፣ የወገብህም የእጅህም ነገር አብዛኛው ከአቀማመጥ ነው። መንገድ ላይ ሳይሆን ግቢህ ውስጥ ይስተካከላል።

ሞተሯን በመሀል ካቫሌቶ (በመሀሉ ማቆሚያ) አቁመህ ተቀመጥባት። ዓይንህን ጨፍን። ትከሻህን ልቀቀውና እጅህን ሳትለጠጥ ወደ ፊት ዘርጋ። አሁን ዓይንህን ግለጥ። እጅህ ከመሪው በታች ወይም ወደ ኋላ ቀርቶ ካገኘኸው፣ ያን ሁሉ መንገድ ወደ ፊት ተጎትተህ ነው የምትነዳው ማለት ነው። የመሪውን ማሰሪያ ብሎኖች ላላ አድርገህ መሪውን ትንሽ ወደ ራስህ አዙረው። ከዚያ መልሰህ በደንብ አጥብቅ። ገመዶቹ እንዳይወጠሩ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ አዙረህ እይ።

ቀጥሎ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታ። ጣትህን ስታሳርፍበት ክንድህ፣ አንጓህና ጣትህ አንድ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። አንጓህ ወደ ላይ ከተሰበረ በውስጡ የሚያልፈው ነርቭ ይጫናል፤ የመደንዘዙ አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ሌላው ንዝረት ነው። መሪውን የቡና ሲኒ እንደምትይዘው ያዘው፣ አትጨብጠው። ክብደትህን በእጅህ ሳይሆን ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) በጉልበትህ ቆንጠጥ አድርገህ ተሸከመው።

ወንበሩን በተመለከተ፣ ስፖንጁ ሙሽሽ ካለ የመኪና ወንበር የሚሰፉ ሰዎች ጋ ውሰደው። ለስላሳ አታስገባ። ለስላሳ ስፖንጅ ሲቀመጡበት ይመቻል፤ አንድ ሰዓት ከነዳህ በኋላ ግን አጥንትህ ታች ካለው ብረት ጋር ይገናኛል። ጠንከር ያለ ይሁን። ከላይ አጎዛ ጣልበትና በደንብ እሰረው። ጠጉሩ አየር ያስገባል፣ ላብ አያጠራቅምም። ከእናቴ ቤት የወሰድኩት አጎዛ እስካሁን ወንበሬ ላይ ነው፤ በምንም አልለውጠውም። ዝናብ ሲመጣ ብቻ ፌስታል አልብሰው። ጂንስ ሱሪም ለዚህ መንገድ አይሆንም፤ መቀመጫ ላይ ያለው ወፍራም ስፌት ይቆረቁራል።

ኢሱዙ ነጂ

ይህን መስመር በየሳምንቱ ነው የምመላለሰው። ከጅማ 12 ሰዓት ላይ ጎህ ሲቀድ ውጣ። በመስከረም ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚይዝህ። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ጊቤ ድልድዩ ጋ ወደ 1,100 ሜትር ትወርዳለህ። በብርድ ልብስ ተጠቅልለህ ወጥተህ እዚያ ትቀቀላለህ። ፀሐይ ሳትበረታ እለፈው። እኔ ብሆን ሳልቆም ወልቂጤ ድረስ እሄድ ነበር። ብዙ መቆም ያዝላል።

ነርስ ነኝ

ማልዶ መውጣቱ ትክክል ነው። ሳይቆሙ መሄድን ግን አልስማማበትም፣ በተለይ ለሞተረኛ። በመኪና ውስጥ ደክሞት የሚያንቀላፋ ሰው ቢያንስ ተደግፎ ነው። ሞተር ላይ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 4 ሰከንድ ዓይን ቢከደን ከ65 ሜትር በላይ ማንም ሳይነዳት ትሄዳለች። በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ አስበው።

ወንድሜ፣ ጫቱን ተወው። እዚህ አገር ቅሞ የሚነዳ ብዙ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል የሚመጡትን ስለማይ ነው እንዲህ ጠንከር አድርጌ የምጽፈው። ጫት ድካምህን አያጠፋውም፣ ድካሙ እንዳይሰማህ ነው የሚያደርገው። ሰውነትህ እንደደከመ ነው፤ አንተ ግን ንቁ የሆንክ ይመስልሃል፣ ፍጥነትም ትጨምራለህ። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድካሙ ተጠራቅሞ አንዴ ይመጣል። ረሀብና ጥምም ስለሚያስረሳ ውኃ ሳትጠጣ ትውላለህ።

ዋናው መድኃኒት የማታው እንቅልፍ ነው። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የመንዳት ብቃቱ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን በጥናት ታይቷል። የዋዜማውን ዕቃ ማሰናዳት ቀደም ብላችሁ ጨርሱና በጊዜ ተኙ።

ምሳ በልተህ ዓይንህ መከደኑ አይገርምም። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ሰውነት በተፈጥሮው ይዝላል፤ ከባድ ምግብ ሲጨመርበት ይብሳል። መንገድ ላይ ቀለል ያለ ነገር ብሉ፤ ክትፎው ቤት ይጠብቃችኋል። እንቅልፍ ከመጣ ዘፈን መጮህም ፊት መታጠብም ለደቂቃዎች ብቻ ነው የሚረዳው። አቁም። አንድ ሲኒ ቡና ጠጣና ወዲያው 15 ወይም 20 ደቂቃ ጋደም በል። ቡናው መሥራት የሚጀምረው በግምት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ስለሆነ ሁለቱ አብረው ይደርሱልሃል። ቁልቁለቱን ከመጀመርህ በፊት አድርገው፣ ታች ሙቀቱ ውስጥ አይደለም።

በየሰዓቱ ወይም በየሰዓት ተኩሉ ደግሞ ባይደክምህም ውረድ። ከሞተሩ ወርደህ ተራመድ፣ ወገብህን ወደ ኋላ ዘርጋ፣ ጣቶችህን አፍታታ፣ ውኃ ተጎንጭ። ጉንፋን ይዞህ ከሆነ የምትወስደው ክኒን እንቅልፍ የሚያመጣ መሆን አለመሆኑን ፋርማሲ ጠይቅ። የጣቶችህ መደንዘዝ ከሞተር ከወረድክ በኋላ ለቀናት ከቀጠለ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስህ ከሆነ ግን ለሐኪም አሳየው።

ፈረንጅ አራዳ

ማንም ያላነሳው ነገር፦ ጆሮ። ከ80 በላይ ስትነዳ ሄልሜት ውስጥ ያለው የነፋስ ጩኸት ከ85 ዴሲቤል ያልፋል። ያ ጩኸት ብቻውን ያደክማል፣ ጆሮም ይጎዳል። ከፋርማሲ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ግዛ። የነፋሱን ይቀንሳል እንጂ የኢሱዙን ክላክስ አይከለክልህም።

የኪቶው

እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ ነርሷ፣ የጫቱን ነገር ጨርሼዋለሁ። ጋሼ የሄርማታው፣ ዛሬ ማታ መሪውን አስተካክላለሁ፤ እንዳሉት እጄ ወደ ኋላ ነው የቀረው። የባለቤቴስ ነገር? ቀሚስ ስለምትለብስ በአንድ ጎን መቀመጥ ለምዳለች። አንድ ኩንታል ባይሆንም ለቤት የምንወስደው ቡናም አለ።

የሄርማታው

በአንድ ጎን መቀመጥ ለዚህ መንገድ አይሆንም። ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚያዘነብል አንተም ቀኑን ሙሉ ስታቃና ትውላለህ፤ ወገብህ እንደገና ይያዛል። እሷም ወገቧ ተጠምዝዞ ነው የምትቆየው፣ አንተ ድንገት ፍሬን ብትይዝ እሷ የምትጨብጠው ነገር የለም። ሱሪ ከቀሚሱ ሥር ትልበስና አንፈራጥጣ ትቀመጥ፣ እግሯ የኋላ መርገጫ ላይ ይረፍ። ሙሉ ሄልሜት ለሷም። መቆም ስትፈልግ ትከሻህን ሁለቴ እንድትነካህ ተስማሙ፤ በነፋሱ መሀል መጮህ አያስፈልግም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ከነጂው ቀድሞ ነው የሚደክመው። ስለዚህ የምትቆሙት በሷ ልክ ነው።

ጎሚስታ ሰፈር

ሁለት ሰው ከነጓዙ ሲሆን የኋላ ጎማ ነፋስ ይጨመራል። የሞተሩ መጽሐፍ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ ለብቻ፣ አንዱ ለሁለት ሰው። የኋላውን ሾክ ቀለበትም አንድ ደረጃ አጥብቀው፣ አለዚያ ጉድጓድ በገባህ ቁጥር ይመታችኋል። ካቴናው በጣም እንዳይወጠር፤ ሰው ሲጫንበት ይብስበታል። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ዝቅ ይበል።

ቡናውን በጀርባችሁ አትዘሉት፣ ትከሻና አንገት ይጨርሳል። ለሁለት ከፍለህ ከወንበሩ ግራና ቀኝ ዝቅ አድርገህ እኩል እሰረው። ላስቲኩ ወደ ካቴናው እንዳይንጠለጠል። ሰርቦ ስትደርሱ አንዴ ውረድና እስሩን ፈትሽ፤ አዲስ የታሰረ ጓዝ የሚላላው በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ነው።