ጉተንበርግ ከቻይናና ከኮሪያ የተለየ ምን ሠራ?

ጠያቂ፦ ቢ ሸንግ በ1040ዎቹ ቻይና ውስጥ ለኅትመት የሚገጣጠም የሸክላ ፊደል ሠርቷል። ኮሪያዎችም በ1377 በብረታ ብረት ፊደል መጽሐፍ አትመዋል (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ታዲያ ጀርመናዊው አታሚ ጉተንበርግ በ1450ዎቹ ማይንዝ ከተማ የሠራው ምኑ ነው ዓለምን የለወጠው?

ቀራጭ፦ ብዙ ሰው መጭመቂያውን ያነሳል፤ እሱ ግን ከወይን መጭመቂያ ብዙም አይርቅም። ትልቁ ነገር ፊደል ማባዣው ነው። በተለምዶ እንደሚነገረው፣ ፊደሉ በጠንካራ ብረት ጫፍ ላይ ተገልብጦ ይቀረጻል። ያ ብረት መዳብ ላይ በመዶሻ ሲመታ ጎድጓዳ ቅርጽ ይተዋል። መዳቡ በእጅ በሚያዝ ቅርጽ ማውጫ ሥር ይገባና የቀለጠ እርሳስ ይፈስበታል። ቅርጽ ማውጫው ሁለት ተንሸራታች ግማሾች ስላሉት የፊደሉ ስፋት እንደየዓይነቱ ይለያያል፤ ቁመቱ ግን አንድ ነው። ቁመት ላይ ቀልድ የለም፦ ትንሽ ያጠረ ፊደል ወረቀቱን ሳይነካ ይቀራል፣ የረዘመው ይበሳዋል። እርሳስ ብቻውን ደግሞ ስለሚለሰልስ ጫናው ያጣምመዋል፤ ለዚህ ነው ቆርቆሮና አንቲሞኒ የሚጨመርበት። አንቲሞኒው ያጠነክረዋል፣ ሲቀዘቅዝም ብዙ እንዳይኮማተር ያደርገዋል።

ጥላሸት፦ በመዳቡ ላይ ትንሽ ልጨምር። በ2001 የመጀመሪያ ኅትመቶቹን በኮምፒውተር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች፣ አንድ ዓይነት መሆን የነበረባቸው ፊደላት እርስ በርስ እንደሚለያዩ አይተው ምናልባት በአሸዋ ቅርጽ ሳይሆን አይቀርም ያፈሰሰው ብለዋል። ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ ግን ቀለሙን አስቀድማለሁ። በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ብረት ላይ ይሸሻል፣ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ዘይት ያለበት ወፍራም ቀለም አስፈለገ። ወረቀቱም ቀድሞ ይረጥባል፣ ካልሆነ ቀለሙን በደንብ አይቀበልም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፣ ገብቶኛል። ከዚህ ሁሉ አተረፈበት?

ቀራጭ፦ የለም። ከዮሐን ፉስት በሁለት ጊዜ 1,600 ጊልደር ተበድሮ በ1455 ተከሶ ተረታ። ያተመው ባለ 42 መስመሩ መጽሐፍ ቅዱስ ወደ 180 ቅጂ ነበር፤ ከፊሉ የታተመው ብራና ላይ ነው፣ አንዱ የብራና ቅጂ ብቻ ወደ 170 የጥጃ ቆዳ ይፈጃል።

ጠያቂ፦ ለግዕዝስ መቼ ደረሰ?

ጥላሸት፦ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ በግዕዝ የመጀመሪያው ኅትመት ነው። ልፋቱን አስበው፦ 26ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 182፣ ከ20ዎቹ ዲቃሎች ጋር 202፣ ቁጥሮቹ ሳይጨመሩ። ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን ያሳተሙት በ1548 እና 1549 ነው።