ሁሌም ከአማቷ ጋር የምትመጣን ታካሚ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት እንዴት እንጠይቅ?

ጠያቂ፦ ቋንቋችንን የማትናገር፣ ከአናሳ ማኅበረሰብ የሆነች ሴት ለራስ ምታት ደጋግማ ስትመጣና ምርመራው ምንም ሳያሳይ ሲቀር፣ አብሯት የገባው ዘመድ ደግሞ ራሱ ሲያስተረጉም፣ ከየት ይጀመራል?

አዋላጅ፦ መጀመሪያ ብቻዋን አግኟት። ዘመዱን ፊት ለፊት «ውጣልን» ማለት ቤት ስትገባ በእሷ ላይ ይመጣል። የምርመራው ከፊል ለብቻ እንዲሆን ለሁሉም ታካሚ ደንብ አድርጉት፤ የሽንት ናሙናም ሰበብ ይሆናል። ነፍስ ያወቀ ልጅም አይስማ። ካልተቻለ አትጠይቁ፣ ቅርብ ቀጠሮ ስጡ።

ማኅበራዊ ሠራተኛ፦ አስተርጓሚው ባለሙያ ይሁን። ማኅበረሰቡ ትንሽ ከሆነ የአገሯ ሰው መሆኑ ራሱ ያስፈራታል፤ ከሌላ ከተማ በስልክ ይሻላል፣ ስሟንም አትንገሩት። «ጥቃት ይደርስብሻል?» ከተባለች «የለም» ትላለች፤ ዱላን ጥቃት ብላ ላትጠራው ትችላለች። ድርጊቱን በስሙ ጥሩት፦ ቤት ውስጥ የሚመታሽ አለ? ፓስፖርትሽን፣ ስልክሽን ማን ይዞታል? «ባልሽ» ብቻ አትበሉ፤ አማትና ወንድምም አሉ። የመኖሪያ ፈቃዷ በባሏ ከሆነ ግምታችሁን ሳይሆን የሕግ ባለሙያ ስጧት። ሽማግሌ ጠርቶ ማስታረቅማ ምስጢሯን መበተን ነው።

የቤተሰብ ሐኪም፦ አዎ ካለች አደጋውን መዝኑ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እነዚህን ያስጠይቃል፦ በ6 ወር ውስጥ ዱላው በዝቷል ወይም ከፍቷል? በመሣሪያ አስፈራርቷል? አንቋት ያውቃል? እርጉዝ ሆና መትቷታል? ቅናቱ ልክ የለውም? ይገድለኛል ትላለች? ቢያንስ 3 «አዎ» ካለ ወደ ቤት መመለሷ አስጊ ነው። ማነቅን ለብቻው ያዙት፤ አንገቷ ላይ ምልክት ባይኖርም የደም ሥር ተጎድቶ ከቀናት በኋላ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ድምፅ መጎርነን፣ ለመዋጥ መቸገር ካለ ዛሬውኑ ሪፈር። አስገድዶ መድፈር ካለ የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን፣ ግን ቶሎ ሲሆን ይሻላል።

ጠያቂ፦ ካርዱ ላይስ ምን ይጻፍ?

አዋላጅ፦ ቃሏን በትእምርተ ጥቅስ፣ ቁስሉን በቦታና በሴንቲሜትር። ይዛ የምትሄደው ወረቀት ላይ ግን «ራስ ምታት» ብቻ። ታካሚ በስልክ የሚያየው መዝገብ ካላችሁ ያንን ክፍል ዝጉት፤ የይለፍ ቃሏ ባሏ ዘንድ ሊሆን ይችላል። የቀጠሮ መልእክት በየትኛው ስልክ ይላክ እንደሆነ እሷን ጠይቁ።