ቲሚዲሌት ሲንቴዝ የጨመረው በብዛት ተመርቶ ነው ወይስ ሳይፈርስ ቀርቶ?

ሰላም፣ እባካችሁ እርዱኝ። ኤችሲቲ 116 የተባሉት የአንጀት ካንሰር ሴሎች 5 ማይክሮሞላር ፍሎሮዩራሲል (የካንሰር መድኃኒት) ለ24 ሰዓት ሲሰጣቸው የቲሚዲሌት ሲንቴዝ (የዲኤንኤ ግብዓት የሚሠራው ኢንዛይም) ፕሮቲን በግልጽ ይጨምራል፤ ኤምአርኤንኤው (ፕሮቲኑ የሚመረትበት መመሪያ) ግን ንቅንቅ አይልም። በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለይቶ በሚያሳየው ዘዴ) ከ36 ኪሎዳልተኑ መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ሌላ መስመር ይታያል። እሱ መድኃኒቱ የያዘው ኢንዛይም ስለሆነ ሁለቱንም ደምሬ ነው የምለካው።

ኢንዛይሙ ባዶውን ሲሆን የራሱን ኤምአርኤንኤ ይዞ ምርቱን ያግዳል፤ መድኃኒቱ ሲይዘው ይለቀዋል። ችግሩ፣ የተያዘው ኢንዛይም ቶሎ አይፈርስም። ታዲያ ሁለቱን ምክንያቶች በምን ልለያቸው? ሳይክሎሄክሲሚድ (የፕሮቲን ምርትን የሚያቆም ኬሚካል) ጨምሮ በ0፣ 2፣ 4 እና 8 ሰዓት መለካት የመፍረሱን ፍጥነት ብቻ ነው የሚያሳየው። ለምርቱ ፖሊሶም (ብዙ ራይቦሶም የያዘ፣ በመመረት ላይ ያለ ኤምአርኤንኤ) መለየት ይሻላል ወይስ ሰልፈር 35 ያለበት ሜታዮኒን (አዲስ የሚሠራውን ፕሮቲን በጨረር የሚያመለክት አሚኖ አሲድ)? የሠራችሁበት ካላችሁ፣ ስንት ሴል እንደሚበቃም ጨምራችሁ ንገሩኝ።