ከውሃ ኮሚቴ ወደ ቀበሌ አስተዳደር፦ በየትኛው በር ልግባ?

ጠያቂ (ደምበጫ ዙሪያ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የገጠር ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነኝ። የእጅ ፓምፑ በተበላሸ ቁጥር ወረዳ ድረስ እየሄድኩ ስከራከር፣ በመሬት ደብተር ጉዳይ የሚጉላሉ ባልቴቶችንም አቤቱታ ይዤ ስገባ ስወጣ፣ ሰዉ «አንቺ ለምን ቀበሌ አትገቢም?» ይለኝ ጀመር። በሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ስላለኝ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ማስታወቂያ ሲወጣ መወዳደር እችላለሁ፤ ሌሎች ደግሞ ምርጫ ጠብቄ ለምክር ቤት እንድቀርብ ይመክሩኛል። የሚያሳስበኝ ደመወዝ መቀበል በጀመርኩ ማግሥት «የመንግሥት ሰው ሆነች» ተብዬ፣ እስከ ዛሬ ችግሩን ሳይደብቅ የሚነግረኝ ሕዝብ እንዳይሸሸኝ ነው። ምን ትላላችሁ?

ጡረተኛ የወረዳ ሠራተኛ (ፍኖተ ሰላም)

እህቴ፣ የሁለቱ ቦታዎች ልዩነት በደመወዙ ላይ ሳይሆን በተጠሪነቱ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጅ ተቀጣሪ ነው፤ የሚገመግመውም የሚያዛውረውም ከበላዩ ያለው ጽሕፈት ቤት ነው። የምክር ቤት አባል ግን ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ተመራጭ ሲሆን፣ ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ይደነግጋል። ባልቴቶቹ ቅር ቢላቸው ሥራ አስኪያጇን ሊያነሡ አይችሉም።

ይሁን እንጂ ምርጫ ጠብቂ የሚሉዎት ሰዎች የቀን መቁጠሪያውን የተመለከቱት አይመስለኝም። የወረዳና የቀበሌ ምርጫ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል የተባለው ተራዝሟል። አገራችን ጎጃም ያለችበትን የጸጥታ ሁኔታም እርስዎ ከእኔ ይልቅ በቅርብ ያውቁታል፤ ዛሬ የቀበሌን ማኅተም መያዝ በሰላሙ ጊዜ ከነበረው እጅግ የከበደ ስለሆነ፣ ቤተሰብዎን ሳያማክሩ ማመልከቻ አይጻፉ።

የውሃ ባለሙያ (ደብረ ማርቆስ)

በጡረተኛው አባታችን ሐሳብ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። የፓምፑ ጉዳይ ከሆነ ያነሣሳዎት፣ ቀበሌ መግባትዎ መለዋወጫውን አያመጣውም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የክልሉ ድጎማ በጥቅል ለወረዳዎች ይሰጣል፣ የወረዳው ምክር ቤትም ይደለድለዋል፤ አብዛኛው ለደመወዝ ከዋለ በኋላ ለጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በመስከረም የሚቀርብ አቤቱታ የሚያገኘው ተደልድሎ ያለቀ ገንዘብ ነው። ኮሚቴዎ የቧንቧውንና የጎማውን ዝርዝር ከነዋጋው ጽፎ፣ ዕቅድ በሚሰበሰብበት ወቅት አስፈርሞ ቢያስገባ፣ ከውጭ ሆነው የሚያገኙት ከውስጥ ከሚያገኙት ሊበልጥ ይችላል።

የመሬቱ ነገር ግን ሌላ ነው። የክልሉ የመሬት ሕግ በየቀበሌው ሕዝብ የሚመርጠው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ እንዲኖር ያደርጋል። ደመወዝ የለውም፣ ወሰን ሲለካና ይዞታ ሲጣራ ግን ቦታው ላይ የሚቆመው እርሱ ነው። ባልቴቶቹን የሚጠቅሙት እዚያ ገብተው ይመስለኛል፤ ለምን ማንም እንዳላነሣልዎት ይገርመኛል።

መምህርት (ቢቸና)

«የመንግሥት ሰው» ስለ መባል ልጨምር። በእኛ አካባቢ ሰው የሚርቀው ሹመቱን አይቶ ሳይሆን ሹሙ ሂሳብ መንገር ሲያቆም ነው። ከማመልከትዎ በፊት የኮሚቴውን መዝገብ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ያንብቡት፦ ከየቤቱ የተዋጣው፣ ለፓምፑ ጠባቂ የተከፈለው፣ በቁጠባ ደብተሩ ላይ ያለው ቀሪ፣ ያልከፈለም ካለ ስሙ ሳይጠራ ቁጥሩ። ከዚያ በኋላ ለተተኪዎ ያስረክቡ። የቀበሌ ሥራና የውሃው ገንዘብ በአንድ ሰው እጅ ከሆኑ፣ ቅን ሰው እንኳ ቢሆን ከሐሜት አያመልጥም።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመሬት ኮሚቴውን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር፤ በጎጣችን የጎደለ አባል መኖሩን ነገ አጣራለሁ። ለርክክቡ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሰው መገኘት አለበት?

የውሃ ባለሙያ (ደብረ ማርቆስ)

ቢገኝ ይመረጣል። ዋናው ግን የቁጠባ ደብተሩ ፈራሚ መቀየሩ ነው። ቃለ ጉባኤውን ኮሚቴው ፈርሞበት ይውሰዱና አዲሷን ገንዘብ ያዥ ይዘው ሒሳቡ ወደተከፈተበት ቅርንጫፍ ይሂዱ፤ የእርስዎ ፊርማ እስካልተነሣ ድረስ ተጠያቂዋ እርስዎ ነዎት።