የጦሳና የኮምቦልቻ ሪሌዮች፦ ረቂቅ 3 ላይ አስተያየት

(ረቂቁ ሁለት ሪሌዮች፣ ማለትም የሬዲዮ ምልክት የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች፣ አንዱ ደሴ ጦሳ ላይ ሌላው ኮምቦልቻ ተተክለው እኩል እንዲልኩ የሚያቅድ ነው።)

ሙጋድ፦ አሁንም ለየሪሌዩ ባለ 0.5 ፒፒኤም (በሚሊዮን 0.5 የሚዛነፍ) ኦሲሌተር፣ ማለትም የሞገዱን ድግግሞሽ የሚወስን መሣሪያ፣ ተጽፏል። በ2.4 ጊጋኸርዝ 1,200 ኸርዝ ነው፤ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ከሸሸ በመካከላቸው 2,400። ንዑስ ተሸካሚዎቻችን (መረጃው ተከፋፍሎ የሚጫንባቸው ጠባብ ሞገዶች) የሚራራቁት በ15 ኪሎኸርዝ ነው፣ 16 በመቶ መዛነፍ ማለት ነው። ሁለቱ እኩል ሲልኩ ተቀባዩ የአንዱን ሲያርም የሌላውን ያበላሻል። በጂፒኤስ የሚታረም ኦሲሌተር ይግባ።

ሒሳብ ያዥ፦ ዋጋው?

ሙጋድ፦ ረቂቁ ላይ ካለው ይበልጣል። ለዚያ ነው የምጽፈው።

ቦርከና፦ ፕሪፊክሱንም፣ ዘግይቶ የሚደርስ ምልክት እንዳያበላሽ የሚተወውን የጊዜ ክፍተት፣ እዩት። ቁልቁለቱ ላይ ያለ ተቀባይ ከሁለቱ ሪሌዮች ያለው ርቀት እስከ 4 ኪሎ ሜትር ይበላለጣል። ሞገድ በማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ነው የሚሄደው፤ የአንዱ ምልክት በ13.3 ማይክሮ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። 4.7 ማይክሮ ሰከንድ የተባለው ፕሪፊክስ ከ1.4 ኪሎ ሜትር በላይ አይችልም። 16.7 ይሁን። ከአየር ሰዓቱ 20 በመቶ ይበላል፣ ምን ይደረግ።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ ገጽ 4 ላይ የመቋረጥ መዝገቡ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ይያዛል ይላል። ማነው ያጸደቀው? ከቀኑ 6 ሰዓት የተቋረጠውን 9 ብሎ የሚጽፍ ዘበኛ አምጡልኝ።

ሙጋድ፦ መዝገቡ ከማመሳሰሉ ጋር አይገናኝም። ሪሌዮቹ የሚጠብቁት ከጂፒኤስ በየሰከንዱ የሚመጣውን ፐልስ (ምት) ነው።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ እኔን ይገናኘኛል። በሐበሻ ሰዓት ይሁን።

የጦሳው፦ ታዲያ ቀኑ የሚለወጠው ጧት 12 ነው እኩለ ሌሊት? ሁለቱን መዝገብ ስናመሳክር አንድ ቀን ይጠፋናል።

ቦርከና፦ የጂፒኤስ ሰዓት ራሱ ከዩቲሲ 18 ሰከንድ ይቀድማል። አንዱ ሪሌይ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ከተሞላ ፍሬሞቹ (የሚልኳቸው የመረጃ ክፍሎች) አይገናኙም። መጨቃጨቅ ካማራችሁ በዚህ ተጨቃጨቁ።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ ሁሌ ደሴዎች ብቻ አዋቂ! ምሰሶውም እንዲሁ ነው የተወሰደብን።

ሙጋድ፦ ምሰሶውን ምን አመጣው?

የጦሳው፦ ኧረ በአላህ! ያለቀ ነገር ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ ሁለት ዓምድ ይሁን። ግራ ዩቲሲ፣ ቀኝ የእኛ።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ የእኛ ለምን ቀኝ?

የጦሳው፦ ግራ ይሁንልህ።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ እሺ። አፌ ጠንክሮ ከሆነ አውፍ በሉኝ።

ሙጋድ፦ ወደ ዋናው እንመለስ። አንዱ ሪሌይ ላይ ጂፒኤስ ቢቋረጥና ኦሲሌተሩ በቢሊዮን አንድ ቢዛነፍ በሰዓት 3.6 ማይክሮ ሰከንድ ይሸሻል። በከፋው ቦታ ከ16.7 ላይ 13.3 ሲነሳ የተረፈን ክፍተት 3.4 ነው፤ ሰዓት አይሞላም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኦሲሌተሩ ከቀዘቀዘ ሞቆ እስኪረጋ ጊዜ ይፈጃል፣ ለብቻው ባትሪ ያስፈልገዋል። ጦሳ ላይ ልኬቱን እወስዳለሁ ያለው ሰውዬ የት ገባ?

ሒሳብ ያዥ፦ ሁለት ሳምንት ድምፁ የለም። ገንዘቡም ለሁለት አይበቃም። ረቂቅ 4፦ አንድ ሪሌይ ጦሳ ላይ፣ ባለ ሁለት ዓምድ መዝገብ፣ ለዘበኛው ቤት የግድግዳ ሰዓት።

ቦርከና፦ በአንድ ሪሌይ ምኑን ከምኑ ነው የምናመሳስለው?

የኮምቦልቻ ልጅ፦ የግድግዳው ሰዓት በሐበሻ ይሞላ።