አህመዳባድ ለሁለት ቀን፦ ከቅርሶቹ የትኛውን ላስቀድም?

ጥያቄ፦ በኅዳር መጨረሻ እናቴን ለጉልበት ሕክምና ይዤ ወደ ህንድ፣ አህመዳባድ እሄዳለሁ። ከሐኪም ቀጠሮ ውጭ ሁለት ቀን ይተርፈናል። የቆዩ መስጊዶችና ቤተ መቅደሶች ሞልተዋል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሁሉን ማዳረስ ግን አንችልም። እናቴን ደረጃ ይከብዳታል፣ ጾመኛም ናት። የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። በዚያች ከተማ ሁለት ዓመት ተምሬአለሁና የማውቀውን ልንገርሽ። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አንድ ቦታ ብቻ የምታዩ ከሆነ የሲዲ ሰይድ መስጊድ ይሁን። ያሠራው ሰው ሐበሻ ነው። አህመዳባድ ባለችበት አገር በጉጃራት ሱልጣኖች ሠራዊት ውስጥ ከእኛ አካባቢ ባሕር የተሻገሩ፣ ብዙዎቹም በባርነት የተሸጡ፣ «ሐብሺ» ወይም «ሲዲ» የሚባሉ ሰዎች ነበሩ፤ እስከ ጦር አዛዥነት የደረሱም አሉባቸው። ሲዲ ሰይድም እንደ እርሱው ሐበሻ በነበረ ቢላል ጁጃር ኻን በተባለ አዛዥ ሥር ያገለገለ ነው። መስጊዱ በ1572 እና በ1573 መካከል ተሠራ። ትንሽ ነው፤ መኪና በሚበዛበት አደባባይ ዳር ስለቆመ ሳያዩት የሚያልፉ አሉ። በምዕራቡ ግድግዳ ያሉትን መስኮቶች ተመልከቺ፦ ድንጋዩ እንደ ጥልፍ ተፈልፍሎ ቅርንጫፉ የተጠላለፈ ዛፍ ሆኗል። ወደ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርሃኑ በዛፉ መካከል ሾልኮ ሲገባ ዓይን መንቀል ያቅታል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን አልቅሻለሁ። ነጠላ ያዙ፣ ጫማ ይወልቃል። ሴቶች ወደ መስገጃው አትግቡ ከተባላችሁም አትዘኑ፤ መስኮቶቹ ከውጭም፣ ከጀርባ በኩል ይታያሉ።

በስፋት የሚበልጠው ጃማ መስጊድ ነው። ከተማዋን በ1411 የቆረቆረው ሱልጣን አህመድ ሻህ በ1424 ያስጨረሰው ሲሆን 260 ዓምዶች አሉት። ለእናትሽ ሜዳነቱ ይመቻል፤ ብቻ በቀትር አትሂዱ፣ የግቢው ድንጋይ ባዶ እግርን ያቃጥላል።

ከቤተ መቅደሶቹ ሁለቱን ላወዳድርልሽ። ካሉፑር በሚባለው ሰፈር ያለው የሂንዱዎቹ የስዋሚናራያን ቤተ መቅደስ በ1822 የተሠራ ሲሆን በቀለም የተዋበ የእንጨት ቅርጹ ደስ ይላል፤ ሰው ግን ይበዛበታል። ጃይን የሚባለው የህንድ ሃይማኖት ተከታዮች ቤተ መቅደስ ሐቲሲንግ ከነጭ እብነ በረድ የተሠራ ነው፤ ጸጥታው ለታማሚ ይሻላል። ያስጀመረው ነጋዴ ሳይጨርስ ሲሞት ሚስቱ ሐርኩንቫር በ1848 አስፈጸመችው። የቆዳ ቀበቶም ሆነ ቦርሳ ይዞ መግባት በሃይማኖታቸው ነውር ስለሆነ ከሆቴል ስትወጡ አስቡበት።

የሚንቀጠቀጡት ሚናሮች (የመስጊድ ማማዎች) ስማቸው ትልቅ ነው፤ አሁን ግን መውጣት አይፈቀድም፤ ጊዜ ለሌለው አይመከርም። የጋንዲ መኖሪያ የነበረው የሳባርማቲ አሽራም ግን አይለፋችሁ። በማርች 12 ቀን 1930 የእንግሊዞችን የጨው ሕግ ተቃውሞ ዳንዲ ወደምትባል የባሕር ዳር መንደር በእግሩ የተነሣው ከዚያ ነው። ወንዝ ዳር፣ ዛፍ ሥር መቀመጫ ስላለ እናትሽ ያርፋሉ።

ስለ አስጎብኚ፦ እኔ በመጀመሪያ ሳምንቴ በመንገድ ላይ ያገኘሁት አንድ አስጎብኚ ግማሽ ቀኔን በጨርቅ ሱቆች ጨረሰብኝ። የከተማው ማዘጋጃ ቤት ጠዋት ጠዋት የሚያዘጋጀው የእግር ጉብኝት በጣም ይሻላል። ከካሉፑር ቤተ መቅደስ ተነሥቶ ፖል በሚባሉት ጠባብ የጥንት ሰፈሮች፣ በወፎች መመገቢያ ማማዎቻቸው ሥር አልፎ ጃማ መስጊድ ያበቃል። አንቺ ብቻሽን ሂጂበት፤ ለእናትሽ ጉልበት ይረዝማል።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አዳላጅ የሚባለውን የውኃ ጉድጓድስ? ምግቡስ?

መልስ፦ አዳላጅ ከከተማው ወደ 18 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በ1499 የተጠናቀቀ፣ አምስት ፎቅ ወደ ምድር የሚወርድ ነው፤ በእያንዳንዱ ፎቅ ዓምዱም ግድግዳው ሁሉ ቅርጽ ነው፣ ወደ ታች ስትወርጂ ሙቀቱ እየቀነሰ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ከሲዲ ሰይድ ቀጥሎ የምወደው እርሱን ነው። ነገር ግን ያለ ደረጃ ምንም የለውም። እናትሽ አፋፉ ላይ ሆነው ቁልቁል ማየት ይችላሉ፤ ውበቱ ግን ከታች ነው። ስለዚህ እሳቸው በሚያርፉበት ሰዓት አንቺ ባጃጅ ይዘሽ ድረሺ። ዋጋውን ደርሶ መልስ፣ መጠበቂያውን ጨምሮ ከመነሣትሽ በፊት ተስማሚ።

በምግብ በኩል ለጾመኛ ከጉጃራት የተሻለ አገር አላየሁም፤ ሥጋ የሌለበት ምግብ ቤት በየደጁ ነው። ጥንቃቄው በቅቤው ነው፤ ቂጣውንም ምስሩንም ይቀቡታል። «ጊ ነሂ፣ ዱድ ነሂ፣ ዳሂ ነሂ» በይ፤ ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ አይሁን ማለት ነው። ምስር ወጣቸው ስኳርነት ስላለው እናትሽ እንዳይደነግጡ፣ ትንሽ ሚጥሚጣ በብልቃጥ ያዢላቸው።