የቂንጥር ቫይብሬተር ጥቆማ፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም እህቶች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቫይብሬተር የሚገዛ ሰው ከየት ይጀምር? በጀቱ 50 ዶላር አካባቢ ነው። በአየር የሚሠራው ይሻላል ወይስ የሚርገበገበው? ግድግዳው ስስ ስለሆነ የድምፁም ነገር ይታሰብበት።

መልስ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ

ከዋጋው በፊት የምትፈልጊውን ስሜት ለዪ። ሁለቱ ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

በአየር የሚሠራው ጫፉ ላይ ትንሽ ክብ አፍ አለው። አፉ ቂንጥሩን ከቦ ይቀመጣል፤ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ አየሩን ይገፋል፣ ይስባል። ጫፉን የሚመታው አየሩ ብቻ ነው፣ የሚፈትገው ነገር የለም። ስለዚህ ሲነኩት ቶሎ ለሚቆጣ ቂንጥር ይስማማል። ይህን መላ ያመጣው ጀርመናዊው ሚካኤል ሌንኬ ነው፤ ዉመናይዘር በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ዋለ። ሌላው የጀርመን ኩባንያ ሳቲስፋየር እ.ኤ.አ. በ2016 በርከስ ባለ ዋጋ ተከተለው።

የሚርገበገበው ደግሞ ውስጡ ሞተር አለው። ትንሹ፣ የከንፈር ቀለም የሚያህለው፣ ንዝረቱን አንድ ነጥብ ላይ ያሳርፋል። ትልቁ፣ ዱላ መሳይ ሆኖ ጭንቅላቱ ክብ የሆነው፣ ከንፈሮቹንም የብልቱን አጥንትም አንድ ላይ ያንቀጠቅጣል። የዚህኛው አባት ማጂክ ዋንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ይሸጣል።

በ50 ዶላር የምመክረው ሳቲስፋየር ፕሮ 2ን ነው። 11 የኃይል ደረጃ አለው፣ ውሃ አያስገባም፣ የአፉ ሲሊኮን ተነቅሎ ይታጠባል። ጉድለቱ የመጀመሪያው ደረጃ ራሱ ለአንዳንድ ሴት ጠንከር ማለቱ ነው። ዉመናይዘር ፕሪሚየም 2 ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው፤ ልዩነቱ ግን እውነተኛ ነው። 14 ደረጃ አለው፣ ታችኛው በጣም ለስላሳ ነው፣ ሁለት መጠን ያለው አፍ አብሮት ይመጣል፣ ከገላ ሲነሳም ራሱ ጸጥ ይላል። የአፉን መጠን ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ከኃይሉ አስቀድመዋለሁ። አፉ ከጠበበ ጠርዙ ቂንጥሩ ላይ ያርፍና ያማል፤ ከሰፋ ደግሞ አየር ያስወጣና ምንም አይሰማም። አንድ መጠን ብቻ ያለውን የምትገዢ ከሆነ በመስታወት አይተሽ ለኪ።

ከሚርገበገቡት ትንንሾቹ የዊ-ቫይብ ታንጎ ኤክስ ይሻላል። ርካሾቹ ቀጭን ንዝረት ነው ያላቸው፣ እንደ ዝንብ ይጮኻሉ፣ ቆዳውን ያደነዝዛሉ፣ ወደ ውስጥ ግን አይዘልቁም። የታንጎው ወፍራም ነው፣ አጥንት ድረስ ይሰማል። ሱቅ ገብተሽ መያዝ ከቻልሽ ጫፉን አፍንጫሽ ላይ አስነኪው። አፍንጫሽን ካሳከከሽ ንዝረቱ ላይ ላዩን ነው፣ ተዪው።

ስለ ቁሱ አልደራደርም። ሲሊኮን፣ ጠንካራ ኤቢኤስ ፕላስቲክ፣ ብርጭቆ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። እንደ ጄሊ የሚለጠጠው፣ ሲከፈት ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚሸተው፣ ቀዳዳው በዓይን የማይታይ ስፖንጅ ነው፤ ብታጥቢውም ባክቴሪያው ውስጡ ይቀራል።

መልስ፣ አዋላጅ፣ ከስቶክሆልም

አጠቃቀሙን እኔ ልጨምር። ብዙ ሰው ዕቃው አይሠራም ብሎ የሚጥለው አቀማመጡን ስለሚስት ነው።

በአየር የሚሠራውን መጀመሪያ ጠፍቶ ሳለ አስቀምጪው። የሽምብራ ፍሬ የምታህል ማለስለሻ በአፉ ጠርዝ ዙሪያ ቀቢ፣ ወደ ጉድጓዱ ግን አታፍስሺ፤ ፈሳሽ ከሞላው አየሩ አይንቀሳቀስም። በአንድ እጅ ከንፈሮቹን ገለጥ፣ ቂንጥሩን የሚሸፍነውን ቆዳ ትንሽ ወደ ላይ ሳብ አድርጊ፣ አፉን ቂንጥሩ መሐል ላይ አሳርፊ፣ ከዚያ በዝቅተኛው አብሪ። በትክክል ሲገጥም ድምፁ ይለወጣል፤ የሚያንባርቀው ነገር ድንገት ታፍኖ ዝቅ ይላል። ያ ድምፅ ነው ምልክቱ። አሁንም ከጮኸ የሆነ ቦታ ላይ ክፍተት አለ፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን አዘንብዪው እንጂ አትጫኚው። ከገጠመ በኋላ እንደሚርገበገበው አታዟዙሪው፣ ያዝ አድርገሽ ተዪው።

የሚርገበገበውን ደግሞ በቀጥታ ጫፉ ላይ አትጀምሪ። በውስጥ ልብስ ላይ፣ ወይም አንድ ጎን ከንፈር ላይ፣ በዝቅተኛው ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ። ደም እስኪሞላው ቂንጥር ስለት እንደነካው ይቆጣል፤ ከሞላ በኋላ ያው ንዝረት ደስ ይላል። ለትልቁ ዱላ አንድ እጥፍ ፎጣ መሐል ማስገባት ኃይሉን በጣም ያለዝበዋል።

መደንዘዝ ከመጣ አጥፊው፣ ትንሽ ቆዪ። ይመለሳል፣ ዘላቂ ጉዳት አይደለም። ብዙ ሰው ግን ሲደነዝዝ ኃይሉን ይጨምራል፤ ይህ ነው ስህተቱ፣ በማግስቱ እንደ ቁስል የሚያመው በዚህ ነው። ቁስል፣ ማሳከክ ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ ካለ እስኪድን ይቅር።

ጥያቄ፣ ከሚኒያፖሊስ

የተገረዘችስ? ይጠቅማታል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?

መልስ፣ አዋላጅ፣ ከስቶክሆልም

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 ከመቶ የሚሆኑት ተገርዘዋል። ስለዚህ ይህ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም፣ በየቡና ዙሪያው የተቀመጠችው ሁሉ ጥያቄ ነው።

በውጭ የሚታየው ቂንጥር ጫፉ ብቻ ነው። ግንዱ ከቆዳው ሥር ወደ አጥንቱ ይሄዳል፣ ሁለት እግሮቹ በብልቱ ግራና ቀኝ ይዘረጋሉ። በግርዛት የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ክፍል ነው፤ ውስጡ ያለው ይቀራል፣ ስሜትም አለው። ስለዚህ ይጠቅማል፣ ምርጫው ግን ይለያል።

በአየር የሚሠራው ለብዙዎቹ አይሆንም። የሚከበው ጫፍ ከሌለ አፉ ጠፍጣፋ ጠባሳ ላይ ነው የሚያርፈው፤ አየር ያስወጣል ወይም ጠባሳውን እየሳበ ያሳምማል። ሰፊ ጭንቅላት ያለው፣ ወፍራም ንዝረት ያለው ዱላ ይምረጥ። ከጠባሳው ከፍ ብሎ፣ ጸጉሩ በሚበቅልበት አጥንት ላይ፣ በጨርቅ ላይ ይጀመር፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች። ስሜቱ ብዙ ጊዜ ከመሐል ሳይሆን ከአንድ ጎን ይገኛል። ጊዜ ይስጡት፤ 20 ደቂቃ ብዙ አይደለም። ማጂክ ዋንድ ሪቻርጀብል እዚህ ላይ ጥሩ ነው፤ ጭንቅላቱ ሲሊኮን ነው፣ አራት ደረጃ አለው፣ የመጀመሪያው የሚታገሡት ነው። ከ100 ዶላር ይበልጣል፣ ግን ለዚህ ፍላጎት ርካሹን ከመግዛት ለዚህኛው ገንዘብ መቆጠብ ይሻላል።

ጠባሳው ላይ እብጠት ካለ ወይም አንድ ነጥብ ሲነካ እንደ ኤሌክትሪክ የሚወጋ ከሆነ መጀመሪያ የማህፀን ሐኪም ይየው፤ የነርቭ እባጭ ወይም የውሃ ከረጢት ሊሆን ይችላል፣ የሚታከም ነገር ነው። የተሰፋች ከሆነች ደግሞ ምንም ነገር ወደ ውስጥ አይግባ፣ ከላይ ብቻ።

መልስ፣ የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከለንደን

ማለስለሻ ላይ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ለሲሊኮን ዕቃ በውሃ የተሠራውን ብቻ። የሲሊኮን ማለስለሻ የዕቃውን ሲሊኮን ያሳብጠዋል፣ ያጣብቀዋል፣ ከዚያ በኋላ መጣል ነው። ሁለተኛ፣ ቫዝሊን፣ ቅቤና የኮኮናት ዘይት ይቅሩ፤ በውሃ አይለቁም፣ ከኮንዶም ጋር ከሆነ ደግሞ ላቴክሱን በደቂቃዎች ውስጥ ያዳክሙታል። ስንገዛ ከጀርባው እንይ፤ ግሊሰሪን የሌለበት፣ ሽታና ማሞቂያ የሌለው፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ3.8 እስከ 4.5 የሆነ። ኦስሞላሊቲው (በውስጡ የሟሟው ነገር ብዛት መለኪያ) ከተጻፈ ከ1200 እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ከ380 በታች ከሆነ የተሻለ። ስሊኩዊድ ኤች ቱ ኦ የተባለው ማለስለሻ ግሊሰሪን የለውም። እዚህ እንግሊዝ ደግሞ «የስ ደብልዩ ቢ» የሚባለው አለ።

አጠባበቅ፦ አፉን ነቅለሽ ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና እጠቢ። ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን በጆሮ ጥጥ ዙሪያውን ጥረጊ፤ ነጭ ዝቃጭ ይወጣል፣ የደረቀ ማለስለሻና ቆዳ ነው፣ ሽታ የሚያመጣውም እሱ ነው። ሞተር ያለውን ዕቃ አትቀቅዪ። በረኪናም አይነካው። ንጹሕ ፎጣ ላይ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቀሽ አድርቂ፤ ሳይደርቅ ቻርጅ አታድርጊ፣ የቻርጀሩ ማግኔት የሚያያዝባቸው ነጥቦች የሚዝጉት በዚህ ነው። የሲሊኮን ዕቃን ከሌላ ጎማ ጋር በአንድ ከረጢት አታስቀምጪ።

የት ይገዛ ለሚለው፦ እዚህ ቡትስና ሱፐርድራግ ይሸጣሉ። ስዊድን ውስጥ አፖቴኬት የተባለው መድኃኒት ቤት ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ይሸጣል። ጀርመን ውስጥ ዲኤምና ሮስማን የተባሉ ሱቆች አሉ።

መልስ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ

አሜሪካ ላሉት ታርጌትና ዋልማርት ፕላስዋን የተባለውን የቫይብሬተር ምርት ይይዛሉ፤ ለበጀቱ መጥፎ አይደለም። መምረጥ ከሆነ ግን ሰው አስረድቶ የሚሸጥበት ሱቅ ይሻላል፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1977 ሳን ፍራንሲስኮ የተከፈተው ጉድ ቫይብሬሽንስ። ኦንላይን ከሆነ ከአምራቹ ድረ ገጽ እዘዢ፤ የታወቀ ምርት በግማሽ ዋጋ ካገኘሽ አስመስሎ የተሠራ መሆኑን ጠርጥሪ፣ ዋስትናውም አይሠራም።

በስልክ የሚታዘዙትን አስቢባቸው። የዊ-ቫይብ አምራች የተጠቃሚዎችን መረጃ ሰብስቧል ተብሎ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2017 በስምምነት ከፍሏል። አፑን ሳትጭኚ በአዝራሩ ብቻ መጠቀም ይቻላል።

አገር ቤት ወይም እስራኤል ለምትወስድ፦ ገመድ ያለው ማጂክ ዋንድ ኦሪጂናል ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። 220 ላይ በሶኬት ማስማሚያ ብቻ ብትሰኪው ይቃጠላል፤ ማስማሚያው ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረገው ይህ ችግር የለበትም። ባትሪ ስላለው በእጅ ሻንጣ ያዢው፣ የጉዞ መቆለፊያ ካለው ቆልፊው፣ አለዚያ መንገድ ላይ ራሱ ይበራል። ወደ ሳዑዲና ኤምሬትስ ግን ይዛችሁ አትሂዱ፣ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ለሥራ የምትሄድ እህት በዚህ ምክንያት ችግር ውስጥ እንዳትገባ።

ስለ ድምፁ ለጠየቅሽው፦ ግድግዳ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ ጩኸቱ ሳይሆን አልጋው የሚያስተላልፈው ንዝረት ነው። ዱላውን ፍራሽ ላይ አታስደግፊ፣ በእጅሽ ያዢው። በአየር የሚሠራው ሲገጥም ዝም ይላል፤ የሚጮኸው ስታነሺው ነው፣ ስለዚህ ከማንሳትሽ በፊት አጥፊው።